«እንጨትና ጎማ ካለህ አትፍራ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ጅማ ውስጥ በኤሌክትሪክ ዝርጋታና በኤሌክትሮኒክስ ጥገና በተሰማሩ ወጣቶች ዘንድ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር አንድ ጽሑፍ አለ። ስለ አስተላላፊ (ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ)፣ ስለ ኢንሱሌተር (የማያሳልፍ) እና በመካከላቸው ስላለው ሴሚኮንዳክተር በአማርኛ መጻፉ በራሱ የሚያስመሰግን ነው፤ በቋንቋችን በዚህ ጉዳይ የሚነበብ ነገር ጥቂት ነውና። ይዘቱ ግን በዝምታ የሚታለፍ አልሆነም። ጸሐፊው በዋናነት አምስት ነገር ይላሉ፦ ኢንሱሌተር ኤሌክትሮን የለውም፤ ሴሚኮንዳክተር ከገባበት ኤሌክትሪክ ግማሹን ብቻ ያሳልፋል፤ ማንኛውም ነገር ሲሞቅ የማስተላለፍ አቅሙ ይቀንሳል፤ እንጨትና ጎማ እስካለ ድረስ የወደቀ ሽቦ ማንሳትም ሆነ በሚነዝር ምጣድ መጋገር አያሰጋም፤ መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያው) ምንም ካላነበበ ኢንሱሌሽኑ (መከላከያው) ደህና ነው። አምስቱም ስህተት ናቸው። የፊተኞቹ ተማሪ ያሳስታሉ። የኋለኞቹ ሁለቱ ግን ሰው ይገድላሉ፤ የዓመቱን አብዛኛውን ወር ዝናብ በማይለያት ከተማ ደግሞ ይበልጡን።

«ኢንሱሌተር ኤሌክትሮን የሌለው ነገር ነው»

አይደለም። ብርጭቆም፣ ፕላስቲክም፣ ምሰሶ ላይ የሚታሰረው ስኒም የተሠሩት ከአቶም ነው፤ ኤሌክትሮን የሌለው አቶም ደግሞ የለም። ልዩነቱ ኤሌክትሮኖቹ ከቦታቸው ለመነቃነቅ ነጻ በመሆናቸውና ባለመሆናቸው ላይ ነው። መዳብ ውስጥ እያንዳንዱ አቶም በአማካይ አንድ ኤሌክትሮን ይለቃል፤ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር መዳብ ውስጥ ወደ 85 ሺህ ቢሊዮን ቢሊዮን የሚጠጉ ኤሌክትሮኖች እንደ ልብ ይንቀሳቀሳሉ። በኢንሱሌተር ውስጥ ግን ኤሌክትሮኖቹ አቶሞችን እርስ በርስ በሚያያይዘው ትስስር ተይዘዋል። ከዚያ ለመላቀቅ የተወሰነ ኃይል ይፈልጋሉ። ይህ የኃይል ክፍተት ኤሌክትሮን ቮልት በሚባል የኃይል መለኪያ ለሲሊከን 1.1፣ ለአልማዝ 5.5፣ የብርጭቆና የአሸዋ ዋና ክፍል ለሆነው ለሲሊከን ዳይኦክሳይድ ደግሞ 9 ገደማ ነው። የክፍል ሙቀት የሚያዋጣው ኃይል 0.025 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ ሲሊከንን ሴሚኮንዳክተር፣ አልማዝንና ብርጭቆን ኢንሱሌተር ያደረጋቸው የዚህ ክፍተት ስፋት ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ድንበር የመጠን እንጂ የዓይነት አይደለም።

አንድ ንጥረ ነገር እንኳ በሁለቱም ወገን ሊቆም ይችላል። የባትሪ ድንጋይ ሲሰበር ከመሃሉ የሚወጣው ጥቁር ዘንግ ካርቦን ነው፤ መልቲሜትር ቢደረግበት ተቃውሞው (ኤሌክትሪክን የመከልከል አቅሙ) ጥቂት ኦም ብቻ ሆኖ ይታያል። አልማዝም ካርቦን ነው፤ ነገር ግን ከጥሩ ኢንሱሌተሮች ተርታ ይሰለፋል። አቶሞቹ እንዴት እንደተያያዙ እንጂ ምን እንደሆኑ ብቻ አይወስንም።

ይህን መለየት ለፈተና ብቻ የሚጠቅም አይደለም። ኤሌክትሮኑ እዚያው ታስሮ ያለ ስለሆነ፣ ቮልቴጁ በበቂ መጠን ከጠነከረ ይላቀቃል፤ የተላቀቀው ሌላውን እየገጨ ያላቅቃል፤ ያኔ ኢንሱሌተሩ ይበሳል። አየር በባሕር ጠለል ላይ በ1 ሚሊሜትር 3 ኪሎቮልት ያህል ይችላል። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች የአየር ግፊቷ አንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ ያው 1 ሚሊሜትር አየር እዚህ የሚችለው ወደ 2.4 ኪሎቮልት ነው። ለከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሆን ዕቃ ሲታዘዝ ከ1,000 ሜትር በላይ ለሆነ ቦታ ተጨማሪ የአየር ርቀት የሚጠየቀው ለዚህ ነው። ጽሑፉ «አየር ፍጹም ኢንሱሌተር ነው» ብሎ ይህን ሁሉ ዘሎታል።

«ሴሚኮንዳክተር ግማሽ አስተላላፊ ነው፤ 220 ቢገባ 110 ይወጣል»

ጸሐፊው ይህን ብለው አላበቁም፤ የሞባይል ቻርጀር ቮልቴጅ የሚቀንሰው በዚህ መንገድ ነው ሲሉም ጨምረዋል። ሁለቱንም በቁጥር እንያቸው።

በየቤቱ ለሶኬት የሚዘረጋውን 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ 1 ሜትር ብንቆርጥ ተቃውሞው 0.007 ኦም ገደማ ነው። በዚያው ርዝመትና ውፍረት ከንጹህ ሲሊከን የተሠራ ዘንግ ቢኖረን ተቃውሞው 900 ሚሊዮን ኦም አካባቢ ይሆናል። ልዩነቱ ከ100 ቢሊዮን ጊዜ በላይ ነው፤ «ግማሽ» የሚያስብል ምንም ነገር የለውም። በክፍል ሙቀት ንጹህ ሲሊከን ውስጥ ነጻ ኤሌክትሮን የሚለቀው ከ5 ትሪሊዮን ያህል አቶሞች አንዱ ብቻ ነው። ንጹህ ሲሊከንን ብቻውን ይዞ ለተራ ሥራ ብናስብ መጥፎ ኢንሱሌተር ከማለት ሌላ ስም አናገኝለትም።

ሴሚኮንዳክተርን ሴሚኮንዳክተር የሚያደርገው የማስተላለፍ አቅሙን እኛ ልንወስንለት መቻላችን ነው። በዚያው የሲሊከን ዘንግ ውስጥ ከሚሊዮን አቶሞች አንዱን ብቻ በፎስፈረስ ብንተካ፣ ያ 900 ሚሊዮን ኦም ወደ 600 ኦም አካባቢ ይወርዳል። ፎስፈረስ በውጪ ምሕዋሩ አምስት ኤሌክትሮን አለው፤ ሲሊከን አራት። አራቱ ለትስስሩ ይውላሉ፣ አምስተኛው ሥራ ስለሚያጣ በቀላሉ ይላቀቃል። በፎስፈረስ ፈንታ ሦስት ኤሌክትሮን ያለው ቦሮን ከገባ ደግሞ በትስስሩ ውስጥ ባዶ ቦታ ይቀራል፤ ጎረቤት ኤሌክትሮን ያን ሊሞላ ሲሄድ የራሱን ቦታ ባዶ ያደርጋል፤ ባዶው ቦታ ራሱ የሚጓዝ ይመስላል። የመጀመሪያው ኤን፣ ሁለተኛው ፒ ይባላል። ከሚሊዮን አንድ የባዕድ አቶም ይህን ያህል ለውጥ ስለሚያመጣ ነው የቺፕ ፋብሪካ ለሲሊከን ንጽሕና እንዲህ የሚጨነቀው። መዳብ ላይ ከሚሊዮን አንድ የባዕድ አቶም ቢገባ ማንም ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አያውቀውም።

«ግማሽ» የሚለው ነገር ከየት እንደመጣ እንገምታለን። ፒና ኤን ሲገናኙ ዳዮድ ይሆናል፤ ዳዮድ ደግሞ ከተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ አንዱን አቅጣጫ አሳልፎ ሌላውን ያግዳል። ይህ የመገናኛው ባሕርይ እንጂ የሲሊከን ቁራጭ ባሕርይ አይደለም። ያኔም ቢሆን 110 አይወጣም። 220 ቮልት በአንድ ዳዮድ አልፎ ወደ ስቶቭ ቢሄድ፣ ስቶቩ የሚያገኘው ውጤታማ ቮልቴጅ 156 ገደማ ነው፤ የ1,000 ዋት ስቶቭ 500 ዋት ይሆናል። መልቲሜትር በዲሲ (አቅጣጫው በማይለዋወጠው ኤሌክትሪክ) ልኬት ቢለካው 99 ቮልት አካባቢ ያነባል። ኃይሉ ግማሽ ሆነ እንጂ ቮልቴጁ ግማሽ አልሆነም። (ይህን ለመሞከር ለሚያስብ፦ በየሱቁ ያለው 1ኤን4007 የሚችለው 1 አምፔር ነው፤ የ1,000 ዋት ስቶቭ ግን ከ4 አምፔር በላይ ይስባል። ዳዮዱ ይቃጠላል፤ ሲቃጠል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሾርት ስለሚሆን ስቶቩ በሙሉ ኃይሉ ይሠራል።)

ቻርጀሩስ? ቻርጀር 220 ቮልቱን በአራት ዳዮድ ወደ 310 ቮልት ገደማ ዲሲ ይቀይራል፤ ሞስፌት የሚባል አንድ ትራንዚስተር ያን ዲሲ በሴኮንድ በብዙ አሥር ሺህ ጊዜ ያበራዋል ያጠፋዋል፤ ትንሿ ትራንስፎርመር ወደ 5 ቮልት ታወርደዋለች። ቮልቴጁን የቀነሰው የትራንስፎርመሯ ጥቅልና የሞስፌቱ የመብራትና የመጥፋት ልክ ነው። በነገራችን ላይ በዚያች ሞስፌት ውስጥ ሦስቱም ወገኖች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፦ የብረት መስመሮቹ አስተላላፊ፣ ሲሊከኑ ሴሚኮንዳክተር፣ በሩን (የሞስፌቱን መቆጣጠሪያ ክፍል) ከሲሊከኑ የሚለየው ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ደግሞ ኢንሱሌተር ነው። ሽፋኑ በጣም ስስ ስለሆነ ከሹራብ የሚመጣ የማይታይ ብልጭታ ይበሳዋል። ሞስፌት በእግሩ የማይያዘውም ለዚህ ነው።

ዳዮድ ሲፈተሽ መልቲሜትሩን ዳዮድ ምልክት ላይ አድርጎ በሁለቱም አቅጣጫ መለካት ነው። ደህና የሲሊከን ዳዮድ በአንዱ ከ0.5 እስከ 0.7 ቮልት ያሳያል፣ በሌላው ምንም አያሳይም። በሁለቱም ዜሮ ከሆነ ሾርት ነው፤ በሁለቱም ምንም ካላሳየ ተቆርጧል። «ግማሽ» የሚባል ንባብ የለም።

«ማንኛውም ነገር ሲሞቅ የማስተላለፍ አቅሙ ይቀንሳል»

ለብረት እውነት ነው። የመዳብ ተቃውሞ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 0.39 በመቶ ይጨምራል፤ ከ20 ወደ 70 ዲግሪ የሞቀ ሽቦ ተቃውሞው በአንድ አምስተኛ ያህል ያድጋል። ይህን በቀላሉ ማየት ለሚፈልግ የ100 ዋት ባለ ክር አምፖል ይበቃዋል። በ220 ቮልት ሲበራ ተቃውሞው 484 ኦም ነው፤ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ በመልቲሜትር ሲለካ ከዚያ ከአሥር እጥፍ በላይ አንሶ 40 ኦም አካባቢ ይገኛል።

ለሴሚኮንዳክተር ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ ሰዎች በመጀመሪያ የለዩትም በዚሁ ነው። ማይክል ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1833 ሲልቨር ሰልፋይድ ሲሞቅ የበለጠ እንደሚያስተላልፍ አይቶ መዝግቦታል፤ ምክንያቱ በቅጡ የተብራራው ግን ከ100 ዓመት ገደማ በኋላ፣ አላን ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1931 ነው። ሙቀት ብዙ ኤሌክትሮኖችን ክፍተቱን ያሻግራል፤ በንጹህ ሲሊከን ውስጥ የነጻ ኤሌክትሮኖች ቁጥር በየ10 ዲግሪው ገደማ እጥፍ ይሆናል። አንድ የሞቀ ትራንዚስተር ብዙ ከረንት ያሳልፋል፤ ብዙ ከረንት የበለጠ ያሞቀዋል፤ እንዲህ እየተደጋገፈ ይቃጠላል። አምፕሊፋየር ላይ የአሉሚኒየሙ ሙቀት ማብረጃ ከተነሳ ትራንዚስተሩ ብዙ የማይቆየው በዚህ ነው።

ጽሑፉን ተከትሎ የሚሠራ ሰው የሚሳሳትበት ዋናው ቦታ ግን ኢንሱሌተሩ ነው። ኢንሱሌተርም ሲሞቅ ይለቃል። በሞተር ጥቅል ላይ የሚሠራበት ልማዳዊ ስሌት አለ፦ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የኢንሱሌሽን ተቃውሞው በግማሽ ይወርዳል። ቀዝቃዛ ሞተር 40 ሜጋኦም (40 ሚሊዮን ኦም) ቢያነብ ከ30 ዲግሪ ጭማሪ በኋላ 5 ያነባል፤ ሞተሩ ግን አልተበላሸም። የቡና መፈልፈያ ሞተር ጠዋት በለኩበትና ከሰዓት ትኩስ ሆኖ በለኩበት ንባብ መካከል ልዩነት አይተው «ጥቅሉ ሞቷል» ብለው የሚያስፈቱ ሰዎች ያለ ምክንያት ገንዘብ ያጠፋሉ።

«ደረቅ እንጨትና ጎማ ሁልጊዜ ይከላከላል»

ቁልፉ ቃል «ደረቅ» የሚለው ነው፤ ጽሑፉም ጠቅሶት ወዲያው ረስቶታል። በምድጃ ሙሉ በሙሉ የደረቀ እንጨት ጥሩ ኢንሱሌተር ነው። እርጥበቱ ወደ 30 በመቶ ሲደርስ ግን ተቃውሞው በቢሊዮኖች እጥፍ ይወርዳል። የእንጨት እርጥበት መለኪያ የሚሠራው ይህንኑ ተቃውሞ በሁለት መርፌ በመለካት ነው። ጅማ ውስጥ ይህ ነገር እንግዳ መሆን አልነበረበትም፤ በየቡና መጋዘኑ ያለው የእርጥበት መለኪያም ተመሳሳይ መሣሪያ ነው። ተመዝኖ የገባው ቡና በሁለት የብረት ገጾች መካከል ይቀመጣል፤ መሣሪያው ቡናው በገጾቹ መካከል ምን ያህል የኤሌክትሪክ ሙል እንዲጠራቀም እንደሚያደርግ ይለካል። ለዚህ ባሕርይ የውሃ ቁጥር 80 ገደማ ሲሆን የደረቅ ተክል ከ2 እስከ 5 ነው። ስለዚህ ቡናው 11 በመቶ ይሁን 16 በመቶ ወዲያው ይለያል። ቡናው አንድ ነው፤ የኤሌክትሪክ ባሕርይውን የወሰነው በውስጡ የቀረው ውሃ ነው።

ውሃ ራሱም ቢሆን ጽሑፉ እንደሚለው በባሕርይው አስተላላፊ አይደለም። በጣም የተጣራ ውሃ ከቧንቧ ውሃ በብዙ ሺህ እጥፍ የበለጠ ይቃወማል። የሚያስተላልፈው በውስጡ የሟሟው ጨው፣ አፈርና አመድ ነው።

አሁን ወደ ወደቀው ሽቦ እንምጣ። ጽሑፉ «ረዘም ያለ የባሕር ዛፍ እንጨት ይዘህ ግፋው» ይላል። 2 ሜትር ርዝመትና 3 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው፣ አዲስ የተቆረጠ እርጥብ ባሕር ዛፍ እንውሰድ። የእርጥብ እንጨት ተቃውሞ በሜትር ኩብ ልክ 100 ኦም ገደማ ቢሆን፣ የዱላው ተቃውሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወደ 280 ሺህ ኦም ይሆናል። ሽቦው ከቤት የሚገባው 220 ቮልት ከሆነ በዱላው የሚያልፈው 0.8 ሚሊአምፔር ነው፤ ሰው መጠነኛ መንዘር ይሰማዋል፤ ዱላው «ሠራ» ይባላል። ሽቦው ግን የ15 ኪሎቮልቱ መስመር ከሆነ፣ ከአንዱ ሽቦ ወደ መሬት ያለው ቮልቴጅ 8,660 ገደማ ነው፤ በዚያው ዱላ 30 ሚሊአምፔር ያልፋል። ከ10 ሚሊአምፔር በላይ ጡንቻ ተጨብጦ እጅ አይለቅም፤ 30 ላይ መተንፈስም ልብም አደጋ ላይ ነው። እንጨቱ ያው ነው፣ ሰውየውም ያው ነው። ትናንት በቤት ሽቦ ሠርቶ ያየው ዱላ ዛሬ ይገድለዋል፤ ከታች ቆሞ የሚያይ ሰው ደግሞ የወደቀው ሽቦ የትኛው እንደሆነ ሁልጊዜ አይለይም። በዝናብ የዱላው ገጽ ከረጠበ ቁጥሩ ከዚህም ይብሳል።

ስለዚህ የወደቀ ሽቦ በምንም አይነካም፤ በትንሹ 10 ሜትር መራቅና ኃይሉ እንዲቋረጥ ማሳወቅ ነው። ሽቦው አጠገብ የተገኘ ሰው ደግሞ እግሮቹን ሳይለያይ፣ መሬቱን ሳይለቅ፣ በትንንሹ እየተንፏቀቀ ይውጣ። ሽቦው መሬት በነካበት ዙሪያ ቮልቴጁ በየርቀቱ ይለያያል፤ ሰፊ እርምጃ በሁለቱ እግሮች መካከል ትልቅ ልዩነት ይፈጥራል። ከብት ከሰው ቶሎ የሚሞተው የፊትና የኋላ እግሩ የተራራቀ ስለሆነ ነው።

ጎማውም እንደዚያው ነው። ከመኪና ጎማ የሚሠራው በረባሶ ጥቁር የሆነው በውስጡ የካርቦን ዱቄት ስላለ ነው፤ ካርቦን ደግሞ ከላይ እንዳየነው አስተላላፊ ነው። ጎማውን የሚያጠነክረው ይኸው ዱቄት ከኢንሱሌተርነቱ ይቀንስበታል፤ ምን ያህል እንደቀነሰበት ከውጪ በማየት አይታወቅም። ለኤሌክትሪክ ሥራ ተብሎ የተሠራ ጓንት ደረጃው በላዩ ይጻፋል፦ 00 እስከ 500 ቮልት፣ 0 እስከ 1,000፣ 2 እስከ 17,000። ከእያንዳንዱ ሥራ በፊት ከእጅጌው በኩል ተጠቅልሎ አየር ይታፈንበታል፤ አየር ከተነፈሰ ቀዳዳ አለው፤ ይጣላል።

የምሰሶ ስኒዎችን በተመለከተ ጽሑፉ «ዝናብ ሲበረታ ይነዝራሉ» ይላል። እዚህ ላይ ጠጋ ማለት ያስፈልጋል። ስኒው ቀሚስ ቀሚስ ያለው የሆነው ከረንት በገጹ ላይ የሚሄድበት መንገድ እንዲረዝምና የቀሚሱ ሥር እንዳይረጥብ ነው። መካከለኛ ብናኝ ላለበት ቦታ በእያንዳንዱ ኪሎቮልት 20 ሚሊሜትር የገጽ ርዝመት ይሰላል፤ ከፍተኛ ቮልቴጁ 17.5 ኪሎቮልት ለሆነው የ15 ኪሎቮልት መስመር 350 ሚሊሜትር ይመጣል። ከባድ ዝናብ ለንጹህ ስኒ ብዙም አያስቸግርም፤ እንዲያውም ያጥበዋል። አደገኛው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት አቧራ ሲጠራቀምበት ከርሞ የሚመጣው የመጀመሪያው ካፊያ ነው። አቧራውን አያጥበውም፤ ጭቃ ያደርገዋል፤ ጭቃው በስኒው ገጽ ላይ አስተላላፊ ንብርብር ይሆናል። መብራት በመጀመሪያው ካፊያ ጠፍቶ በሐምሌ ዶፍ የማይጠፋበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የሚነዝረው ምጣድ

ጽሑፉ «ጎማ ጫማ አድርጎ መጋገር ይበቃል» ብሎ ለእናቶች የሰጠው ምክር ነው ይህን ምላሽ እንድንጽፍ ያስገደደን። 3.5 ኪሎዋት የሆነ የኤሌክትሪክ ምጣድ 16 አምፔር ይስባል፤ ሪዚስታንሱ (የሚሞቀው ሽቦ) 14 ኦም ገደማ ነው። የሚሞቀው ሽቦ በሸክላው ጀርባ በተቆፈረ ቦይ ውስጥ ሸፈን ብሎ ይቀመጣል፤ በሽቦውና በጋጋሪዋ መካከል ያለው ኢንሱሌተር ሸክላው ብቻ ነው። ሸክላ ደግሞ ውሃ ይጠጣል። ሊጡ በስንጥቅ ሲገባ፣ ምጣዱ እርጥብ ወለል ላይ ሲከርም፣ በእርጥብ ጨርቅ ሲታጠብ፣ በሸክላው ውስጥ ጨውና እርጥበት ይቀራል። ተቃውሞው ወደ 15 ሺህ ኦም ከወረደ 15 ሚሊአምፔር ገደማ ሊያልፍ ይችላል፤ ይህ እጅ የሚያስጨብጥ ነው።

መፍትሔው ጫማ አይደለም። የምጣዱ የብረት አካል በቢጫና አረንጓዴ ሽቦ ከኧርዝ (ወደ መሬት ከሚወርደው መስመር) ጋር መታሰር አለበት፤ ሶኬቱ ሁለት እግር ብቻ ካለው ሦስት እግር ባለው ይቀየራል፤ መስመሩ ላይ 30 ሚሊአምፔር ወደ መሬት ሲፈስ የሚቆርጥ መከላከያ ብሬከር ይገባል። ከሪዚስታንሱ ጫፍ እስከ ሞርሴቶው (ሽቦዎቹ እስከሚገጣጠሙበት) ያለው ሽቦ በናስትሮ አይጠቀለልም። ተራው የፒቪሲ ሽቦ የሚችለው 70 ዲግሪ ነው፣ ናስትሮውም ብዙ አይሻልም፤ እዚያ ቦታ ሁለቱም ይቀልጣሉ፣ ከቀለጡ በኋላም ጠቁረው ካርቦን ይሆናሉ። የሸክላ ዶቃ ወይም የፋይበርግላስ ቱቦ፣ ሞርሴቶውም የሸክላ መሆን አለበት።

«መልቲሜትር ምንም ካላነበበ ደህና ነው»

መልቲሜትር በኦም ሲለካ የሚጠቀመው ጥቂት ቮልት ብቻ ነው። በዚህ ቮልቴጅ የተሰነጠቀ ኢንሱሌሽንም፣ እርጥብ ሸክላም ብዙ ጊዜ ደህና ይመስላል። የካቻቢቴ ቴስተሩም ቢሆን ኃይል እንዳለ ያሳይ ይሆናል እንጂ እንደሌለ ማረጋገጫ አይሆንም። ኢንሱሌሽን የሚለካው ከፍተኛ ቮልቴጅ በሚጠቀም ሜገር በሚባል መሣሪያ፣ ለ220 ቮልት መስመር በ500 ቮልት ዲሲ ነው።

ለቤት መስመር፦ ዋናው ብሬከር ይጠፋል፤ ኃይል አለመኖሩ በትክክል መሥራቱ በታወቀ መሣሪያ ይረጋገጣል፤ ቻርጀር፣ ኤልኢዲ አምፖል፣ ቴሌቪዥን ሁሉ ይነቀላል፤ 500 ቮልቱ በውስጣቸው ያለውን ሴሚኮንዳክተር ያበላሻልና። ፌዝና ኒውትራል በአንድ ላይ ይታሰራሉ፤ በእነሱና በኧርዝ መካከል ይለካል። ቢያንስ 1 ሜጋኦም መሆን አለበት፤ አዲስ ዝርጋታ ከሆነ በመቶዎች ሜጋኦም ይጠበቃል።

ለምጣድ ደግሞ ከሶኬቱ ተነቅሎ፣ ሁለቱ የሶኬት እግሮች በአንድ ሽቦ ተያይዘው፣ ሁለት ቦታ ይለካል፤ አንዱ ከብረት አካሉ ጋር ነው፣ ሌላው ደግሞ በእርጥብ ጨርቅ ላይ በተዘረጋ ፎይል አማካይነት ከመጋገሪያው ገጽ ጋር ነው። ሁለተኛው በአብዛኛው አይደረግም፤ ጋጋሪዋ የምትነካው ግን ያንን ገጽ ነው። ቁልፉ ለ1 ደቂቃ ተይዞ ይቆያል። በደረቅ ሸክላ ንባቡ ቀስ እያለ ይወጣል። መጀመሪያ ከፍ ብሎ በየሴኮንዱ የሚወርድ ከሆነ ውስጡ ውሃ አለ፤ ምጣዱ ለብዙ ቀን በፀሐይ ይደርቃል፣ ከዚያ የብረት አካሉ ኧርዝ ተደርጎ ማንም ሳይነካው ለአንድ ሰዓት ይሞቃል፣ ሲቀዘቅዝ እንደገና ይለካል። ከ1 ሜጋኦም በታች እስከሆነ ድረስ ሸክላው ይቀየራል እንጂ ለባለቤቱ አይመለስም።